«ውሻችሁን እሰሩ» ወይስ «ውሻችሁን ያዙ»? የኮንዶሚኒየም ግቢና የገመድ ጉዳይ

የኮንዶሚኒየም ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ጥበቃ መዋጮ ሲወራ ይከርምና አንድ ማለዳ ፎቶ ይለጠፋል። ደረጃ ሥር የተኛ ውሻ ነው። ከፎቶው በታች «ይሄ የማን ነው?» ይላል። እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ልጆቻችን መውጣት አልቻሉም» ይላል። ሌላው «ማታ ከሌባ የሚጠብቃችሁ እሱ አይደል እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ማምሻውን ኮሚቴው በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፦ «ውሻ ያላችሁ ነዋሪዎች ውሻችሁን እንድታስሩ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ወረቀቱ ዝናብ እስኪያጥበው ይቆያል። ውሻውም ደረጃ ሥር ይቆያል።

እንዲህ ያለው ማስታወቂያ የማይሠራው ነዋሪው ደንብ ስለማይወድ ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሦስት ነገር ያደባልቃል። ምን አድርጉ እንደሚል ግልጽ አይደለም። በማን ሥልጣን እንደሚናገር አይታወቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛውን ውሻ እንደሚመለከት አይለይም።

ማሰር ሌላ፣ መያዝ ሌላ

በአማርኛ «ውሻ ማሰር» ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው። የግቢ ጥግ፣ ምሰሶ፣ ሰንሰለት፣ ከቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቤት። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። የውሻው ሥራ ጥበቃ ስለሆነ ከሰው ጋር ለሽርሽር የመውጣት ወግ አልነበረውም። ስለዚህ ውሻን ይዞ ለመሄጃ የሚሆነው ገመድ በቋንቋችን የራሱ የጸና ስም ሳያገኝ ቀረ። አንዱ ማሰሪያ ይለዋል፣ ሌላው ሰንሰለት፣ ሌላው ገመድ። የከተማ ወጣቶች «ሊሽ» ማለት ጀምረዋል።

የስም ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ጭቅጭቅ የሚወለደው ከዚህ ነው። በሌላው ዓለም የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች የውሻ ገመድ ደንብ ሲያወጡ የሚሉት «ውሻው ከቤትህ በር ከወጣበት እስኪመለስ ድረስ በእጅህ በያዝከው ገመድ ይሂድ» ነው። ገመዱ ሁለት ጫፍ አለው ማለት ነው። አንዱ የውሻው አንገት ላይ፣ ሌላው የሰው እጅ ላይ። የእኛ ወረቀት «እሰሩ» ሲል ግን ሌላኛው ጫፍ ምሰሶ ወይም የበረንዳ ብረት ይሆናል።

ውጤቱም የተለያየ ነው። ማስታወቂያውን አክብሮ ውሻውን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አሥሮ ሥራ የሚሄድ ሰው በራሱ በኩል ደንቡን ፈጽሟል። ውሻው ግን ቀኑን ሙሉ ታች የሚያልፈውን ሁሉ እያየ መድረስ አይችልም። ይጮኻል። ቆራሌው ሲያልፍ ይጮኻል፣ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይጮኻል፣ ማታ ሲፈታም የተጠራቀመ ጉልበቱን ይዞ ደረጃውን በሩጫ ይወርዳል። የእንስሳት ባህርይ ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ይናገራሉ፦ ለረጅም ሰዓት ታስሮ የሚውል ውሻ ይበልጥ ተናካሽ የመሆን ዝንባሌ አለው። መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ የሚቀርበውን ሁሉ በመጮኽና በመናከስ ማራቅ ይለምዳል። እናም «እሰሩ» የሚለው ማስታወቂያ ሊያስቀረው ያሰበውን ነገር ሊያባብሰው ይችላል።

ደረጃው ላይ የሚሆነው

ግቢ ያለው ቤት ውስጥ የውሻ ጉዳይ በአጥር ይፈታል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አጥሩ የቤትህ በር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሌላም ሰው ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንበል። የ20/80ዎቹ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች አሳንሰር የላቸውም፤ መውጫው ደረጃው ነው። አንዲት እናት ልጇን በአንድ እጇ፣ ምሳ ዕቃውን በሌላው ይዛ ትወርዳለች። ከታች አንድ ጎልማሳ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ ይወጣል፤ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ሲገናኙ ከላይ የጥፍር ኮቴ ይሰማል። መጀመሪያ ውሻው ይደርሳል። ባለቤቱ ገና ፎቅ ላይ ነው፤ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው። «አይዞሽ፣ አይነክስም! ለማዳ ነው!»

ውሻው ምሳ ዕቃውን ያሸታል። ልጁ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። ባለጄሪካኑ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፤ ማስቀመጥም መመለስም አይችልም። ከዚያ ውሻው አልፏቸው ይወርዳል። ምንም አልሆነም። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆ፣ ትንሽም «ምን ያህል ነው የሚፈሩት» ብሎ እየገረመው ይወርዳል።

ገመዱ የሚያስፈልገው «ምንም አልሆነም» ለሚባልባቸው ለእነዚህ ጠዋቶች ነው። ባለቤቱ ውሻውን ለዓመታት ያውቀዋል። ደረጃው ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች ግን የሚያውቁት ነገር ቢኖር ጥርስ እንዳለው ነው። «አይነክስም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሰሚው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ገመድ ሲኖር ሰሚው ባለቤቱን ማመን አይጠበቅበትም። ርቀቱን በዓይኑ ያየዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሜዳ ላይ የተገናኙ ሰውና ውሻ ሁለቱም ዞር ብለው ማለፍ ይችላሉ። ደረጃ ላይ አይቻልም። ጠባብ ቦታ ላይ የተጋፈጠ ውሻ ሊጮኽ ወይም ሊፈራ ይችላል። ልጅ ከጮኸና ከሮጠ ደግሞ ጨዋ የተባለውም ውሻ ሊያባርር ይችላል። እንደ 40/60 ብሎኮች አሳንሰር ያለበት ቦታም ነገሩ ያው ነው፤ በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ በቀልድ ይታለፋል። ለሱብሂ ሶላት ውዱእ አድርጎ የሚወርድ ሙስሊም የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ተመልሶ ሊያጥብ ይገደዳል። ቅዳሴ ለማስቀደስ ነጠላ ለብሳ የምትወርድ እናትም ውሻ እንዲልሳት አትፈልግም። እነዚህ ሰዎች ውሻን ጠልተው ላይሆን ይችላል። መነካት አይፈልጉም፤ አበቃ። አጭር ገመድ ይህን ያለ ክርክር ይፈታዋል።

የጋራ ቦታው የማን ነው?

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንጻውን ለሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው በተናጠል የምትይዘው ቤት ነው። ሁለተኛው ከቤቶቹ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ማለትም የጋራ መጠቀሚያው ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው፣ መኪና ማቆሚያው፣ ልብስ ማስጫው፣ ኮሚናሉም (ነዋሪው በጋራ የሚያበስልበትና የሚያርድበት ቤት) ከዚሁ ይመደባሉ። እያንዳንዱ የቤት ባለቤት በጋራ መጠቀሚያው ላይ ድርሻ አለው፤ ድርሻውን ግን ቆርጦ «ይቺ የእኔ ጥግ ናት» ማለት አይችልም።

አዋጁ ይህን የጋራ ሀብት እንዲያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበርን ያቋቁማል። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው። የውሻ ጉዳይ ቦታው እዚህ ነው። አዋጁ ራሱ «ውሻ በገመድ ይያዝ» አይልም፤ እንዲህ ያለውን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ለነዋሪዎቹ ይተወዋል።

እዚህ ላይ ነው በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የሚደክመው። በአብዛኛው ኮሚቴው አንድ ማታ ተሰብስቦ ያወጣዋል፤ ጠቅላላ ጉባኤው አላየውም። ስለዚህ ጠበቅ ያለ ሰው «ይህን ማን ወሰነ?» ሲል መልስ የለም። በጠቅላላ ጉባኤ ተነስቶ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞለት ወደ ደንቡ የገባ አንቀጽ ግን ሌላ ክብደት አለው። ችግሩ ብዙ ብሎክ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ማለት ሦስት እሁድ ተጠርቶ ምልአተ ጉባኤ ሳይሞላ መበተን ማለት መሆኑ ነው። ለሰዉ መምጣት ዋስትና የሚሆነው የውሃ ፓምፕ ሲቃጠል ነው። እንግዲህ የውሻው አንቀጽም ከፓምፑ ጋር በአንድ አጀንዳ ቢገባ አይከፋም።

ሁለተኛው ክፍተት ተከራይ ነው። የማኅበሩ አባል የቤቱ ባለቤት ነው። ብዙ ብሎክ ውስጥ ግን የሚኖረው ተከራይ ነው። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ወይም ውጭ አገር ነው። ውሻው የተከራዩ፣ በጉባኤ ድምፅ የመስጠት መብቱ የአከራዩ። ተከራዩ ባልተወያየበት ደንብ ሲጠየቅ ይከፋዋል፤ አከራዩ ደግሞ ስለ ውሻው መኖር እንኳ ላይሰማ ይችላል። ቀላሉ መውጫ የግቢው ደንብ በኪራይ ውሉ ላይ እንዲጠቀስና ቅጂው አብሮ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ማኅበር ቅጣት መጣል ይችላል ወይ? በዚህ ላይ ሰዎች ይለያያሉ። አንዳንዱ «ደንባችን ላይ 500 ብር ብለን ከጻፍን ምን ይከለክለናል?» ይላል። ሌላው «ማኅበር ፖሊስ አይደለም» ይላል። መሬት ላይ ካለው ሁኔታ አንጻር የኋለኛው ይበልጥ ያሳምናል። መዋጮውን እንኳ በልመና የሚሰበስብ ኮሚቴ የውሻ ቅጣት እንዴት ያስከፍላል? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ለጉባኤው ማሳወቅ፣ ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ የሚለው ቅደም ተከተል ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይቆማል። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። የሰው ውሻ ይዞ ማስወጣት፣ መደብደብ ወይም መመረዝ የየትኛውም ኮሚቴ ሥልጣን አይደለም።

ቢነክስስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ ነው። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም» የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም። ተጎጂው የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ባለቤቱን የሚያድነው በዋናነት ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ መሆኑ ነው፤ ለምሳሌ የተኛ ውሻ በድንጋይ የመታ ሰው።

ይኸው ሕግ አንድ የቆየ፣ ዛሬ ሲያነቡት ፈገግ የሚያሰኝ መውጫም አለው። የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት ነፃ ሊሆን ይችላል። ለበሬ ትርጉም ይሰጣል። ውሻ ላይ ሲሆን «ነከሰህ? እንግዲህ ውሰደው» እንደማለት ነው። ግን መውጫው ባለቤቱ ራሱ ጥፋት ካለበት ይዘጋል። የገመድ ደንብ እዚህ ላይ ጥርስ ያወጣል። ግቢው በጉባኤ «በገመድ ይያዝ» ብሎ እያለ ውሻውን ልቅ የለቀቀ ሰው ጥፋት የለብኝም ለማለት ይቸገራል።

ለጩኸቱም ሕግ አለ። አንቀጽ 1225 ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጎረቤቱን በጢስ፣ በመጥፎ ጠረን፣ በድምፅ እንዳያውክ ይከለክላል። በረንዳ ላይ ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ እዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከካሣው በፊት ግን ጤናው አለ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያም በሽታው በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚወስድ ፈጥኖ መከተብ ያድናል።

የመጀመሪያው እርዳታ የሚሠራው ቤት ነው፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። «በሚፈስ ውሃ» የሚለው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቧንቧው ከደረቀ ጄሪካኑን ማዘንበል ነው፤ 15 ደቂቃው ግን አይቀነስም። በርበሬ፣ ነዳጅ፣ ቡና መነስነስ ይቅር። ውሻው ባለቤት ካለው ለ10 ቀን ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የክትባት ደብተር ያለው፣ ባለቤቱ የሚታወቅ ውሻ ለተነከሰ ልጅ ቤተሰብ የሚሰጠው እረፍት ቀላል አይደለም። ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ነክሶ ከጠፋ ግን የሚጠበቅም የሚጠየቅም የለም።

ባለውሾቹ የሚሉት

የውሻ ባለቤቶች ቅሬታ ሲሰማ ባዶ አይደለም። አንደኛ፣ «በዓል ሲመጣ በየደረጃው በግ ይታሰራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፤ ማንም ወረቀት አይለጥፍም» ይላሉ። እውነት ነው። የፋሲካ ዋዜማ ኮሚናሉ አካባቢ ያለፈ ሰው ኮንዶሚኒየም እንስሳ አይችልም የሚለውን አይቀበልም። ልዩነቱ በጉ ሦስት ቀን ነው የሚቆየው። ደግሞም አይነክስም። ያም ሆኖ ደንቡ ውሻን ብቻ ለይቶ የሚያሳድድ ከመሰለ ተቀባይነቱ ይቀንሳል። በረንዳና ደረጃ ላይ ስለሚታሰር እንስሳ ሁሉ የሚናገር ደንብ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ «ገመድ ውሻን ያስቆጣል» ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው። ገመዱ ተወጥሮ የተያዘ ውሻ ከሌላ ውሻ ጋር ሲፋጠጥ መሸሽ ስለማይችል ሊጮኽና ሊወረወር ይችላል። ይህ ግን የሚመጣው ከልምድ ማነስ ነው። ከቡችላነቱ በገመድ የለመደ ውሻ ገመዱን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል፤ መውጣት ማለት ነውና። በአምስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመድ የሚያጠልቅ ግን ይታገላል። ስለዚህ አዲስ ደንብ ሲወጣ የአንድ ሁለት ወር ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፣ የዝርያ ነገር። «የእኔ ትንሽ ናት፤ ሮትዌይለሩን ያዙት» የሚለው። ትልቅ ውሻ ሲነክስ ጉዳቱ ከባድ መሆኑ አያከራክርም። ግን በዝርያ የሚለይ ደንብ ግቢ ውስጥ ማስፈጸም አይቻልም። ጥበቃው የጀርመን ሼፐርድ ቅልቅልን ከሀበሻ ውሻ እንዴት ይለይ? በሽታው ደግሞ ዝርያ አይመርጥም። ለሁሉም አንድ ዓይነት የገመድ ደንብ፣ ሰው የነከሰ ወይም ደጋግሞ የተወረወረ ውሻ ሲኖር ደግሞ በተጨማሪ የአፍ መሸፈኛ ማለቱ ይቀላል።

ከውጭ የተመለሱ ነዋሪዎች «እኛ የነበርንበት አገር» ሲሉ ደንቡ የሠለጠነ አገር ቅንጦት ይመስላል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የውሻ ቁጥጥር ሕግ ከባለቤቱ ግቢ የወጣ ውሻ በገመድ እንዲያዝ ያዛል፤ ገመዱም ከ5 ሜትር አይበልጥም። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ውሻ በሕዝብ ቦታ ያለ ገመድ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሁለቱም አገሮች ጋ ግን ውሻው ይመዘገባል። ገመዱ የሚሠራው ከኋላው መዝገብ ስላለ ነው። እኛ ገመዱን ብቻ ብንወስድ ግማሹን ነው የወሰድነው።

የግቢው ውሻ

አሁን ወደ መጀመሪያው ፎቶ እንመለስ። «ይሄ የማን ነው?»

ብዙ ጊዜ መልሱ «የማንም» ነው። ወይም «የግቢው» ነው። አብዛኛው የኮንዶሚኒየም ጭቅጭቅ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት ውሾች ይልቅ በሩ አካባቢ በሚውሉት ላይ ነው። እነዚህ ውሾች ስም አላቸው። ጥበቃዎቹ ከምሳቸው ያካፍሏቸዋል። ሥጋ ቤቱ አጥንት ይጥልላቸዋል። አንዲት እናት ማታ ማታ ትርፍራፊ ታወጣላቸዋለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው እነሱም ግቢውን የራሳቸው አድርገው ይጠብቃሉ። የብሎኩን ሰው በኮቴው ያውቃሉ። እንግዳ ሲመጣ፣ በተለይ በጨለማ፣ ይነሱበታል። ከተማው ጫፍ ባሉት እንደ ኮዬ ፈጬና ቦሌ አራብሳ ባሉ ሳይቶች ደግሞ ጅብ ስለሚመጣ ብዙ ነዋሪ መኖራቸውን ይፈልጋል።

የገመድ ደንብ እነዚህ ላይ አይሠራም። ገመድ በሌላኛው ጫፍ ሰው ይፈልጋል። እዚህ ሰው የለም፤ የሚመግብ ብዙ ነው፣ የሚይዝ የለም። ኮሚቴው «ባለቤቶች ውሻችሁን እሰሩ» ብሎ ሲለጥፍ ማስታወቂያው የሚደርሰው ቀድሞውንም ውሻውን ከቤት ለማያስወጣው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመችበት መፍትሔ መርዝ ነበር። አንዳንድ ግቢም ዛሬ ድረስ «ለምን አይመረዙም?» የሚል አይጠፋም። የጭካኔውን ነገር እንተወውና ውጤቱን ብቻ እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲናገር የኖረው ውሻ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን እንደማያቆም ነው። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቆሻሻ ገንዳውና ሥጋ ቤቱ ባሉበት ስላሉ የሞተውን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣ ይይዘዋል። አዲሱ ውሻ ነዋሪውን አያውቅም፤ መከተቡም አይታወቅም። አብረው ከሚሞቱት መካከል የተከተቡትም አሉ። መርዝ የተቀባ ሥጋ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ መጣሉን ደግሞ መናገርም አያስፈልግም። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆረጣል ተብሎ ይወሰዳል።

ስለዚህ የግቢው ውሻ ሁለት ዕጣ ነው ያለው። አንዱ ማኅበሩ ባለቤትነቱን መውሰድ ነው። ከጥበቃ መዋጮው ላይ ጥቂት ተቀንሶ ይከተባል፣ ይኮላሻል፣ አንገቱ ላይ ምልክት ይደረግለታል፤ ቀን ደረጃ ሥር ሳይሆን ጥበቃ ቤቱ ጋ ይውላል። ሁለተኛው ምግቡን መቀነስ ነው፤ ገንዳው ክዳን ይኖረዋል፣ ትርፍራፊ የሚሰጠውም በአንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ምርጫ ዋጋ አለው፤ የገንዘብ ብቻም አይደለም። ማኅበሩ «የእኔ ነው» ካለ በአንቀጽ 2071 ፊት የሚቆመው ማኅበሩ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኮሚቴ ይህን ሲሰማ ወደኋላ ይላል። ፍርሃቱ የሚገባ ነው። ግን ማንም የእኔ ያላለው ውሻ ልጅ ሲነክስ ሙሉ ወጪውን የሚከፍለው የልጁ ቤተሰብ ነው። ምርጫው እዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱ እንደገና ቢጻፍ

አንድ የሚሠራ አንቀጽ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። «እሰሩ» የሚለውን ትቶ «ከቤታችሁ በር እስከ ግቢው በር፣ ሲመለስም እንዲሁ፣ አዋቂ ሰው በእጁ በያዘው ገመድ ይሂድ» ይበል። ደረጃና አሳንሰር ውስጥ ገመዱ ተጠቅልሎ አጥሮ ይያዝ፤ ሁለት ሜትር የሚረዝም ገመድ ደረጃ ላይ ካለመኖር አይሻልም። ቁልፍ ሲነኩት እየተፈታ የሚረዝመው ዓይነት ለሜዳ እንጂ ለደረጃ አይሆንም። ትልቅ ውሻ በልጅ እጅ አይላክ። ሰው ሲመጣ ባለውሻው ግድግዳ ይዞ ይቁም፣ ሌላው ይለፍ።

ከዚያ መዝገብ። የጥበቃ ቤቱ ደብተር ላይ ሦስት መስመር፦ የቤት ቁጥር፣ የውሻው መለያ፣ መጨረሻ የተከተበበት ቀን። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ። መስከረም 18 የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሆነ አንዳንድ ቦታ የክትባት ዘመቻ ይካሄዳል፤ ለግቢም ቀን ለመቁረጥ ይመቻል።

ለማን እንደሚያመለክቱም ይጻፍ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ መለጠፍ ጎረቤትን በአደባባይ ማዋረድ ስለሚመስል ሰውን እልህ ያስይዛል። አንድ የብሎክ ተጠሪ በር አንኳኩቶ «ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ እየፈሩ ነው» ቢል በብዙ ቦታ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከሁለተኛው ማንኳኳት በኋላ ነው ወረቀት።

የሚቀረው ጥያቄ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። የግቢው በር ተዘግቷል፤ ጥበቃው ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል፤ እግሩ ሥር የማንም ያልሆነው ውሻ ተኝቷል። ደብተሩ ላይ የውሻው መስመር አለ፣ የቤት ቁጥር የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። እዚያ ምን ይጻፍ የሚለውን ጥበቃው ሊወስን አይችልም። የሚቀጥለው ጉባኤ ነው የሚወስነው፤ ምልአተ ጉባኤ ከሞላ።